አንዱ መንገድ ላይ ቢቀር ብዬ

ዛሬ ጠዋት የደም ግፊት ኪኒኔን ዋጥሁ። ጫማዬን አሰርሁ። ከዚያ ኪኒኔን እንዳልዋጥሁ ትዝ አለኝና ዋጥሁ።

ጥፋቱ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ለራዲዮዬ ባትሪ ልገዛ ወደ መተማ ዮሐንስ ገበያ ስወርድ ምድሪቱ ባዶውን እንደሚሮጥ የጭነት መኪና ትንቀጠቀጥብኝ ጀመር። ኒም ዛፍ ሥር ቁጭ አልሁ። መቀመጡ አልበቃኝምና ተጋደምሁ። የታመመ እንዳልመስል፣ ለጥላው ብሎ ነው እንዲባልልኝ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁ። እንግዲህ መንገድ ዳር ተዘርግቶ ፊቱን የተሸፈነ ሽማግሌ ያየ ሰው ምን ይበል? አንድ ባለባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«አባባ! አባባ! አሉ?»

«አለሁ።»

«ልውሰድዎት?»

«ወዴት?»

«ወደ ጤና ጣቢያ ነዋ!»

«እንዲያ ከሆነ እሺ። ወደ ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ነበር።»

ጤና ጣቢያ ነርሷ ግፊቴን ለካች፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቀለችና ትመረምረኝ ገባች። «ስንት ነው የዋጡት?»

«ሁለት።»

«ሁለት! ምን ሲሉ?»

«አንዱ መንገድ ላይ ቢቀር ብዬ።»

ነርሷ ሳቀች። አጠገቤ ወባ የሚያንቀጠቅጠው ሰውዬም ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሳቁ አልመጣ አለኝ። ይህን ነገር ከአፌ ካወጣሁት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ያኔ ስለው ቀልድ አልነበረም። የምር ያሰብሁት ነበር፤ እንደዚያ አስቤ ነው ለባለቤቴ መድኃኒት የሰጠኋት።

ያኔ የምንኖረው ኮኪት ነው። ሰሊጥና ማሽላ አርስ ነበር። ኢንቨስተር የሚባለው ትራክተር ያለው ነው፤ እኔ ትራክተር ተከራይቼ ለባለቤቱ ከሩቅ ባርኔጣ የማነሳ ዓይነት ገበሬ ነበርሁ። ባለቤቴ ጡቷ ላይ ጠጠር የሚያህል ነገር ያገኘችው ሰሊጡ ቢጫ መሆን ሲጀምር ነው። ለእኔ አልነገረችኝም። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ካልታጨደ ፍሬው አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይዘረገፋል። ታጭዶ፣ ሂላው ቆሞ፣ ማለት ነዶው ተደጋግፎ እስኪደርቅ፣ ደርቆም እስኪራገፍ ድረስ ዝም አለች። የመጨረሻው ጆንያ ከተሰፋ በኋላ ነው፣ መርፌውን ኮፍያዬ ላይ ሰክታ፣ «አሁን ጎንደር ይውሰዱኝ» ያለችኝ።

ጎንደር ጡቷን አወጡላት። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለክትትል ስንመለስ ሐኪሙ ታሞክሲፌን የሚባለውን ኪኒን አዘዘ። በቀን አንድ ፍሬ፣ ለአምስት ዓመት። ልጅ እግር ነው፤ ግን ለሚጠይቀው ሰው ጊዜ የሚሰጥ ዓይነት ሐኪም ነበር። እኔ ደግሞ መጠየቅ ስጀምር ማቆሚያ የለኝም። ባለቤቴ ከመጋረጃው ጀርባ ልብሷን ትለብሳለች፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ ክርኔን አስደግፌ እንደ ጓደኛ እጠይቃለሁ።

«ዶክተር፣ ይኸ ነገር ምን ያደርጋል?»

«በሽታው የሴቷን ሆርሞን እየተመገበ ነው የሚያድገው፣ ጋሼ። ሆርሞኑ ጡት ውስጥ የሚቀመጥበት የራሱ ቦታ አለው። ኪኒኑ ቀድሞ ይሄድና ቦታውን ይይዝበታል። ሆርሞኑ ሲመጣ መቀመጫ ያጣል፣ በሽታውም ይራባል።»

«ጎሽ! ታዲያ እንደተዋጠ በቀጥታ ወደ ጡት ነው የሚሄድ?»

«የለም፤ መጀመሪያ ጉበት ነው የሚገባው። የሚገርምዎት፣ ጉበት ውስጥ ሌላ መቀመጫ አለው። ያ መቀመጫ ሆርሞኑን አይቀበልም፤ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ግን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል።»

«ይዞ ምን ያደርገዋል?»

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። «እሱ ገና በደንብ አልታወቀም። ያጠኑታል።»

አንድ ሌላ ሰው ይህን ሰምቶ ይረሳው ነበር። እኔ ግን የቆላ ገበሬ ነኝ፤ ሰሊጥ አጫጅ ቀጥሬ አውቃለሁ።

የአጨዳ ወራት ሠራተኛው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ሁሉ ይወርዳል። አንተ ሃያ ሰው ትፈልጋለህ። ሃያውን ተነጋግረህ፣ መኪና ላይ ጭነህ፣ ወደ እርሻህ ትልካለህ። መንገድ ላይ ግን የጎረቤትህ ካምፕ አለ። ጎረቤትህ የቀዘቀዘ ውኃ ይዞ ወጥቶ፣ «ወንድሞቼ፣ ትንሽ አረፍ በሉ እንጂ» ይላል። ያረፈው ያርፋል። ለአንተ የሚደርሱህ ስምንት ናቸው፤ ከስምንቱም አንዱ ወባ ይዞታል። ስለዚህ ልብ ያለው ሰው ሃያ ሲፈልግ አርባ ይቀጥራል። እኔ በዚህ የታወቅሁ ነበርሁ። ጎረቤቶቼ ሲያሽሟጥጡኝ፣ «እሱ እኮ ሁለት ሰው ሲያስፈልገው አራት ጠርቶ ነው የሚያገባ» ይሉኝ ነበር፤ ያገባሁት ግን አንድ ነው።

ከጎንደር ስንመለስ አውቶቡሱ ቁልቁለቱን እየወረደ ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ፣ ባለቤቴ ትከሻዬ ላይ አንቀላፍታለች፣ እኔ ጉበትን እያሰብሁ ነው። ጎረቤቴ መስሎ ታየኝ። ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ እንስራውን አቅርቦ፣ ወደ ባለቤቴ ጡት የሚሄደውን ኪኒን «አረፍ በል እንጂ ወንድሜ» ሲለው ታየኝ። አንድ ፍሬ ከላክን ጉበት ይይዘዋል። ሁለት ከላክን አንዱ ይቀርና አንዱ ይደርሳል። ኮኪት ስንደርስ ሐሳቤን ጨርሼ ነበር።

«ሁለት ሁለት ነው ያለው» አልኋት።

«አንድ ያለ መሰለኝ?»

«አንቺ መጋረጃ ውስጥ ነበርሽ።»

እሺ ብላ ተቀበለችኝ። በየጠዋቱ ሁለት ፍሬ መዳፏ ላይ አስቀምጥላታለሁ፤ ትውጣለች። ኩራቴን ብታዩት! ጉበትን ያህል ነገር የሸወድሁ ሰው ነኝ።

ያ መድኃኒት ሙቀት ያመጣል። ሐኪሙ ነግሮናል፤ ከአንገት በላይ እሳት እንደለቀቁባት ያደርጋታል ብሎናል። እጥፍ ሲሆን እጥፍ ሆነ። ኮኪት በግንቦት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ዶሮዎቹ ምንቃራቸውን ከፍተው የሚውሉበት ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ከውስጧ ይነዳል። ነጠላዋን ውኃ ውስጥ ነክሬ ጭንቅላቷ ላይ አደርግላታለሁ፤ ፊቴን ሳላዞር ይደርቃል። ያቅለሸልሻታል። አንድ ቀን ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሎ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ «አንቱ፣ ቆላ ያመጡኝ አልበቃ ብሎ ቆላውን ውስጤ አስገቡት» አለችኝ። ሳቅሁ። እኔ ነኝ እኮ ያስገባሁት። ሳቅሁ።

ሐኪሙ የሰጠን ለአራት ወር ነበር፤ በመስከረም ተመለሱ ብሎናል። ሐምሌ ሲጋመስ ኪኒኑ አለቀ። ይኸን ማንም ልጅ ቆጥሮ ያውቀዋል። እኔ ግን ሁለት እያደረግሁ ስሰጥ ያሰብሁት ስለ ጉበት ብቻ ነበርና፣ ባዶው ዕቃ እጄ ላይ ሲቀር ገረመኝ።

መተማ መድኃኒት ቤቶቹ አላዩትም። ሱዳን፣ ገላባት ተሻግሬ ጠየቅሁ፤ ጀላቢያ የለበሱ አንድ ባለሱቅ የኪኒኑን ዕቃ አገላብጠው አይተው፣ ከገዳሪፍ ይምጣ ቢባል እንኳ ዝናቡ ሲያባራ ነው አሉኝ። ጎንደር ወጣሁ። እዚያ አለ። መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ በዐይኔ በብረቱ አየሁት። «የሐኪም ወረቀት ያምጡ» አለኝ ሻጩ።

ወረቀቱን የሚጽፈው ያ ሐኪም ነው። የሚጽፈው ደግሞ «ለአራት ወር ሰጥቼዎት ነበር፤ የት ገባ?» ብሎ ነው።

ሄጄ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ወረፋው እየተገፋ መጣ። ሦስት ሰው ሲቀረኝ የምለውን አዘጋጀሁ። ሁለት ሲቀረኝ አዘጋጅቼው የነበረው ጠፋኝ። ስሜ ሲጠራ ተነሥቼ፣ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ግቢው ወጣሁ። ጢም ያለው፣ ልጅ የዳረ ሰው፣ የልጁ እኩያ ከሚሆን ሐኪም ሸሽቶ የውኃ ቧንቧ አጠገብ እጁን ታጠበ። ያልቆሸሸ እጅ ሲታጠብ እጅግ ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

ከኋላዬ፣ «ወንድም ጋሼ፣ የኮኪቱ አይደሉም?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የአብደራፊዋ ሴት ነበረች። ባለፈው ቀጠሯችን ከባለቤቴ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተዋወቁ ናቸው፤ አንድ ዓይነት በሽታ፣ አንድ ዓይነት ኪኒን። ባሏ አብደራፊ የሰሊጥ መጋዘን ይጠብቃል። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጥቁር ጭቃ ስለሚሆን ጎንደር እህቷ ዘንድ ትከርም ነበር።

«ባለቤትዎ ደኅና ናት?» አለችኝ።

«ደኅና ናት። ኪኒኗን... ጎርፍ ወሰደው።» ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ከነሳጥኑ።»

አየችኝ። ያመነችኝ አይመስለኝም፤ ግን አልመረመረችኝም። ቦርሳዋን ከፍታ ዐሥር ፍሬ የተደረደረበትን አንድ ስትሪፕ አወጣች። አዲስ ነው፤ አንዱም አልተነካም።

«እንዴት ይሆናል፣ ያንችስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ፤ ዞሬ እጠይቃለሁ። እርስዎ አገርዎ ሩቅ ነው። ይያዙት፤ በሚቀጥለው ስንገናኝ ይመልሱልኛል። ይሂዱ፣ ሰው ፊት አይቁሙ።»

ያን ዐሥር ፍሬ፣ አሁን አንድ አንድ እያደረግሁ፣ ባለቤቴ ዋጠች። ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም ቀጠሮ ድረስ ምንም አልዋጠችም። «ጎንደርም ጠፍቷል» አልኋት። በመስከረም ሐኪሙ «በደንብ ይወስዳሉ?» ሲላት እኔ ቀድሜ «በደንብ» አልሁ። አዲስ ሰጠን፤ ከዚያ ወዲያ በቀን አንድ ሆነ። ባለቤቴ ለምን አንድ ሆነ ብላ አልጠየቀችም። ይህ ያኔ እፎይታ እንጂ ጥያቄ አልሆነብኝም። የአብደራፊዋ ሴት ያን ቀን ወንበሩ ላይ አልነበረችም፤ ቀጠሯችን ተላልፎ ነበር። ከአዲሱ ላይ ለእሷ ዐሥር ፍሬ ለይቼ በየቀጠሮው ኪሴ ይዤ ሄጄ ኪሴ ይዤ ተመለስሁ፤ በኋላም ባለቤቴ አንድ ወር ሲያጥራት ከእሱ ላይ ሰጠኋት።

ሁለት አዝመራ ደኅና ሆነን ሰበሰብን። በሦስተኛው፣ ሰሊጥ ልንዘራ መሬት ስናለሰልስ፣ የዐይኗ ነጭ ቢጫ ሆነ። ሰው ሁሉ የወፍ በሽታ ነው አለ፤ ቅጠል የሚጨምቅ ሰውም ነገሩን። እኔ ግን ሆዷን ከቀኝ በኩል ስትይዝ ሳያት አወቅሁት። ጎንደር ወሰድኋት፤ በመሣሪያ አዩት። በሽታው ተመልሷል። የተመለሰው ደግሞ ጡት ላይ አይደለም፤ ጉበት ላይ።

ያን ዕለት ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠብቄ ያዝሁት። ሁሉንም ነገርሁት። ካምፑን፣ አርባ አጫጁን፣ ሁለት ሁለት ፍሬውን፣ ባዶውን ነሐሴ፣ ቧንቧውን። ስለ ጎረቤቴ ስነግረው መጀመሪያ ሊስቅ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ወዲያው ተወው።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ጉበት ሠራተኛ አይሰርቅም። እርስዎ የጠረጠሩት ጉበት መድኃኒቱን የሚያሰናዳው እሱ ነው። እንደተዋጠ ብዙም ኃይል የለውም። ኃይለኛው የሚሠራው ጉበት ውስጥ ነው፤ አዘጋጅቶ ነው ወደ ጡት የሚልከው።»

«ማጭዱን ስሎ።»

«እንደሱ ይበሉት። ሁለት መስጠትዎ ለሙቀቱና ለማቅለሽለሹ እንጂ አልጠቀመም።»

«ያ ባዶው ጊዜስ?»

እዚህ ላይ ጫማውን አየ። «መድኃኒቱ ቶሎ ከሰውነት አይወጣም። በጉበትም በሌላውም ሥጋ ውስጥ ተይዞ ይቆይና ቀስ እያለ ይለቀቃል። ዕቃው ባዶ ሲሆን እሷ ወዲያው ባዶ አልሆነችም። ሳምንታት ይቆያል።»

«ስለዚህ እኔ አይደለሁም?»

«እሱን ማወቅ አልችልም። ምንም ሳያቋርጡ ወስደው የሚመለስባቸው አሉ። እርስዎ ነዎት ማለት አልችልም። አይደሉም ማለትም አልችልም።»

ስለ ሐቀኝነቱ አመሰገንሁት። ቢዋሸኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ለስንቱ ዋሽቼ የለ!

ያ ስደበው የኖርሁት ጉበት፣ እኔ ቧንቧ ሥር እጄን ስታጠብ፣ ይዞ ያቆየውን ትንሽ ትንሽ እያካፈለ ያቆያት ነበር ማለት ነው። በሽታውም መጥቶ ያረፈው እሱው ላይ ነው።

ለእሷ ልንገራት አልንገራት እያልሁ ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከቤታችን ደጅ የገመድ አልጋ ላይ ጋደም እንዳለች፣ አጫጆች የጫነ መኪና ከፊታችን ሲያልፍ አየነው። «አሁን ስንቱ ይደርስ ይሆን?» አለች። እኔ በዚያው ጀመርሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኋት። ዐይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«አንድ ሲል ሰምቼው ነበር» አለችኝ ስጨርስ።

«ምን?»

«መጋረጃው ጨርቅ ነው፣ ግድግዳ አይደል። በቀን አንድ ፍሬ ሲል ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋጥሽ?»

ሲደክማት ቃል እየመረጠች ነበር የምትናገረው። «አንቱ እጥፍ የሚቀጥሩ ሲፈሩ ነው። ያን ዓመት አንበጣ የተወራ ጊዜ ስልሳ ሰው አምጥተው የለ? በአውቶቡስ ስንመለስ ጣትዎን እያጠፉ ይቆጥሩ ነበር፤ የተኛሁ መስሎዎታል። ሁለቱን ስውጥ ፊትዎ ይፈታል። ስለዚያ ነው።»

ነጠላዋን አስተካከልሁላት። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ለአብደራፊዋ ጎርፍ ወሰደው አሏት?»

«አዎ።»

«ከነሳጥኑ?»

«ከነሳጥኑ።»

ሳቀች። ሳቁ ጎኗን አሳመማትና በእጇ ያዘችው፤ እንደዚያም ሆኖ ሳቀች። «የምን ጎርፍ? ጎርፉስ አንቱ!» አለችኝ። ከዚያ ሳቋ ቆመና፣ «ይመልሱላት። እንደኔ ባዶ ቀን እንዳታሳልፍ። ሲመልሱላት ደግሞ ጎርፍ አልነበረም ይበሏት» አለችኝ።

ሰሊጡ ሳይታጨድ ሞተች። ያን ዓመት አጫጅ አልቀጠርሁም። ግማሹን ጎረቤቴ፣ ያ ሠራተኛ ሲያስቀርብኝ የኖረው፣ የራሱን ሰዎች ልኮ ሳልጠይቀው አጨደልኝ፤ ግማሹ እዚያው ተዘረገፈ።

ከአርባዋ በኋላ ጎንደር ወጣሁ። ሐኪሙ የነገርሁትን ሰምቶ ወረቀት ጻፈልኝ፤ ዐሥር ፍሬ ገዝቼ ያን አግዳሚ ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥሁ። ሴቶች መጡ፣ ሴቶች ሄዱ። እሷ የለችም። ካርድ ክፍል ጠየቅሁ።

«ስሟ ማን ነው?» አለኝ ልጁ።

አላውቀውም። ባለቤቴ ታውቀው ነበር ይሆናል። እኔ ከሰው እጅ መድኃኒት ተቀብዬ፣ በጎርፍ አሳብቤ፣ ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም።

«የአብደራፊ ሴት ናት» አልሁት።

«አባቴ፣ የአብደራፊ ሴት ብዙ ናት» አለኝ በትሕትና።

አብደራፊም አንድ በጋ ሄጃለሁ። መጋዘኖቹን እየዞርሁ፣ ሚስቱ የታመመችበት ዘበኛ አለ ወይ እያልሁ ጠየቅሁ። አንዱ ወደ ሌላ አገር ሄደዋል አለኝ፤ ሌላው ስለ ሴቲቱ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት፣ እንደ ልማዴ፣ ሳልሰማው ተነሥቼ ሄድሁ።

ዐሥሩ ፍሬ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ቀኑ ካለፈበት ብዙ ዓመት ሆኖታል። ዛሬ ከጤና ጣቢያ ስመለስ ከፍቼ አየሁት፤ አንዱም አልተነካም። ቀኑ ያለፈበት ኪኒን ለሰው አይመለስምና አዲስ መግዛት አለብኝ። ለዚያች ሴት ዐሥር ፍሬ አለብኝ፤ ጎርፍም አልነበረም።